ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፦ የጦርነት ጨዋታዎች የእኛን ጠመንጃ ምን ያህል ያውቁታል?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ነው የማወጋችሁ። «ጋዜጠኝነት እየተማረ ስለ ጌም ይጽፋል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም የእኛ ዕድሜ ወጣት ስለ ጦርነት ታሪክ የሚያውቀውን ከየት እንዳገኘው ብትጠይቁት ከፊሉን ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ከፊሉን ከፊልም፣ ሌላውን ደግሞ ከጨዋታ መሆኑን ይነግራችኋል። ጨዋታ እንደ ሬዲዮና እንደ ጋዜጣ መረጃ ያስተላልፋል። መረጃ ካስተላለፈ ደግሞ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ የእኛ ሙያ ነው።

በወልዲያና በመርሳ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ገብታችሁ ብታዩ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነው። የጦር ስልት ጨዋታ የሚባለው ግን ከጓደኛ ላፕቶፕ በፍላሽ ተገልብጦ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በዶርም ውስጥ የሚጫወቱት ነው። ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ አንድ ወታደር ሆኖ አይተኩስም፤ ንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ ሆኖ አገር ይመራል። ግብር ይሰበስባል፣ ጦር ያደራጃል፣ መሣሪያ ያስታጥቃል፣ ከዚያም ያዘምታል። ኢትዮጵያ የምትገኝባቸው በርካታ ናቸው። ከእነሱ መካከል አራቱን መርጬ አንድ ጥያቄ ላቅርብ፦ እግረኛ ወታደራችን በእጁ የያዘውን መሣሪያ በትክክል አሳይተውታል?

ስሙ ራሱ ታሪክ ነው

ወደ ጨዋታዎቹ ከመግባታችን በፊት የጠመንጃዎቹን ስም እንይ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው በሠርግም በፉከራም ሲጠሩ ሰምቷቸዋል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ። ብዙዎቻችን እንደ ዱሮ ግጥም ጌጥ ነው የምንሰማቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም የመጣበት አገርና ዘመን አለው።

ሰናድር የእንግሊዙ «ስናይደር» ነው፤ ስሙ የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የጄኮብ ስናይደር ነው። ውጅግራ ደግሞ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በአማርኛ አፍ ሲጠራ የመጣ ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ ደግሞ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1874 ያሻሻለው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ምንሽር የኦስትሪያዊው የማንሊኸር ስም ሲሆን በልጅግ ደግሞ የአገር ስም ነው፣ ቤልጅየም። መትረየስ ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን በፉከራቸው ሳያውቁት የንግድ መዝገብ ይዘውልናል ማለት ነው። መሣሪያው ከየት እንደመጣ ስሙ ይናገራል።

ጨዋታዎቹ ምን አሉን?

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያውያንን አስገባ። ልዩ ወታደራችን ባለ ሾተል ነው። ጨዋታው የሚያሳየው የመካከለኛውን ዘመን ስለሆነ ጠመንጃ አለመኖሩ አያስወቅሰውም። ሾተልም ቢሆን እውነተኛ የአገራችን መሣሪያ ነው።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያውያንንና ሃውሳዎችን ሲጨምር አንድ ያስደሰተኝ ነገር አድርጓል። ጠመንጃ ያዡን ወታደር በእንግሊዝኛ ስም አልጠራውም፤ «ነፍጠኛ» ነው ያለው። ቃሉ ዛሬ ብዙ የፖለቲካ ትርጉም ተሸክሟል። መነሻው ግን ነፍጥ የያዘ ወታደር ማለት ነው፤ ጨዋታው የወሰደውም ይህንን ነው። እዚያው ጨዋታ ላይ የቴዎድሮስ ሴባስቶፖልም አለች። በጨዋታው ውስጥ ከሠራዊቱ ጋር እየተንቀሳቀሰች ምሽግ ታፈርሳለች። እውነተኛዋ ግን 7 ቶን ገደማ የምትመዝን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርታ በሰው ጉልበት ገደል ለገደል እየተጎተተች መቅደላ የደረሰች ናት። ዛሬም እዚያው ናት።

«ሲቪላይዜሽን 5» እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያን በአፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት አቀረበ። በጠመንጃው ዘመን ያለን ልዩ ጦር «መሀል ሰፋሪ» ይባላል። «የዓድዋ መንፈስ» የሚባልም ስጦታ አለን፤ ከእኛ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስንዋጋ ጉልበታችን 20 በመቶ ይጨምራል።

አራተኛው «ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» ነው። የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1936፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማለትም ጣሊያን ወርራን ጦርነቱ ተጋግሞ እያለ፣ ማይጨው ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ለኢትዮጵያ የራሷን መንገድ ሰጥቷታል። በዚህ ጨዋታ ጠመንጃው «የእግረኛ መሣሪያ» ይባላል። የ1918፣ የ1936፣ የ1939፣ የ1942 እየተባለ በደረጃ ይሻሻላል። ደረጃው ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይበልጣል።

የእኔ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ከደረጃው ጉዳይ ነው። ጨዋታዎቹ ሁሉ፣ አራተኛው ደግሞ ይበልጥ፣ አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ ጦርነት የሚያሸንፈው የተሻለ ጠመንጃ የያዘ ነው የሚል። ይህ በእኛ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ እውነት ነበር፣ አንድ ጊዜ ልዩነቱ ተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ልዩነቱ ቦታውን ቀየረ። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

አሮጌ፣ 1860፦ ልዩነቱ ጠመንጃው ነበር

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። የእኛ ሰዎች ጠመንጃ ነበራቸው። ነገር ግን በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። እንዲህ ነው ነገሩ፦ መጀመሪያ ባሩድ በአፈሙዝ ይጨመራል፣ ከዚያ እርሳሱ ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ነው የሚተኮሰው። ይህን ለማድረግ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል፤ ተኝቶ ማጉረስ እጅግ ያስቸግራል። ፈጣኑ ሰው በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው።

እንግሊዞቹ የያዙት ሰናድር ነበር። ሰናድር ከኋላ ይከፈታል፣ ቀለህ ያለው ጥይት ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኮሳል። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፣ ተኝቶም ይሁን ተንበርክኮ። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ ሲሆኑ ከእነሱ ሁለቱ ሞቱ። ሮኬትና የተራራ መድፍም ነበራቸው፤ ይሁንና ጨዋታዎቹ «ደረጃ» የሚሉት ነገር በእግረኛ እጅ ላይ በግልጽ የታየው እዚህ ነው። ለዚህ ቀን የጨዋታው ሒሳብ ልክ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዓድዋ፣ 1888፦ ልዩነቱ ተዘጋ

ከመቅደላ በኋላ በነበሩት 28 ዓመታት የሆነውን ነገር ግን ከአራቱ ጨዋታዎች አንዱም አያሳይም። በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ግብጾችን ሲያሸንፍ የግብጾቹን ረሚንግተን ማረከ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ ገበያ ላይ ወጣ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። ጣሊያንም ወዳጅ በነበረችበት ጊዜ ለምኒልክ ረሚንግተን ሰጥታለች።

እዚህ ላይ ሀብሩዎች ጎረቤታችን የሆነችውን ቦታ እናስታውስ። ከመርሳ በደሴው መንገድ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው እዚያ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ሁላችንም ስለ አንቀጽ 17 ተምረናል። በዚያው ዓመት መጨረሻና በቀጣዩ መባቻ ላይ ለውሉ ተጨማሪ ስምምነት ተደርጎ ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንድታገኝ መፈቀዱ ግን ብዙም አይነገርም። በዚያ ዘመን የገንዘብ አንዱ ዋና ሥራ መሣሪያ መግዛት ነበር። ጣሊያን የፈቀደችው ብድር ለዓድዋው ሽንፈቷ አስተዋጽኦ አደረገ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከ17,000 የሚበልጠው የባራቴሪ ጦር ሲመጣ የገጠመው ጦርና ጋሻ ብቻ የያዘ ሕዝብ አልነበረም። ከኢትዮጵያ ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ያዥ ነበር። በፍጥነት የሚተኩስ የሆችኪስ መድፍም ነበር። ከጣሊያን ወገን ደግሞ ብዙው ወታደር የያዘው ቬተርሊ የተባለውን አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ አዲሱ የ1891 እ.ኤ.አ. ካርካኖ ተሠርቶ እያለ። ጠመንጃ ለጠመንጃ ሲተያይ የአሮጌ ልዩነት ዓድዋ ላይ የለም።

«የዓድዋ መንፈስ» ብሎ 20 በመቶ መጨመር ለአርበኝነታችን ደስ ይላል። እኔም ስጫወት ደስ ይለኛል። ነገር ግን መንፈሱን ብቻ አሳይቶ ግዢውን፣ ምርኮውን፣ የሐረርና የጅቡቲን ነጋዴ ይደብቃል። ዓድዋ የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የ28 ዓመት ዝግጅትም ውጤት ነው። ይህን ማወቅ ጀግንነቱን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም አስተዋይነትን ይጨምርበታል።

ጥይቱስ?

ወደ ማይጨው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። አያቴ የሀብሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጨዋታውን በላፕቶፕ እያሳየኋቸው «ይኸው 5,000 ጠመንጃ አለኝ» ስላቸው ለጠመንጃው ምንም አላሉም። «ጥይቱስ?» አሉኝ። ጨዋታው ውስጥ ጥይት ብቻውን አይቆጠርም። ስንቅና ማጓጓዣ አለ፣ መንገድ አለ፤ ጥይቱ ግን በዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚታሰብ ነው። እሳቸው ቤት ምንሽር በነበረበት ጊዜ ጥይት እንደ ብር እየተቆጠረ ነበር የሚቀመጠው።

እንደ ብር ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ለምን ቢባል ዋጋ ነበረው፣ እንደልብም አይገኝም ነበር።

ችግሩ ደግሞ ማነሱ ብቻ አይደለም፣ አለመገጣጠሙ ነው። ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ነው። የግብጽ ረሚንግተንም 11 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። የውጅግራ ቀለህ ርዝመቱ 59 ሚሊሜትር ሲሆን የረሚንግተኑ 50 ነው። አንዱ በሌላው አይገባም። በዚህ ላይ የለበልን 8፣ የበልጅግ ማውዘርን 7.92፣ የጣሊያን ምርኮ የሆነውን ካርካኖ 6.5 ጨምሩበት። አንድ የወረዳ ጦር በአንድ ተራራ ላይ አራት አምስት ዓይነት ጠመንጃ ይዞ ይሰለፋል። የአንዱ ዝናር ሲያልቅ ጎረቤቱ ሊያበድረው ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ጎራዴው ከወገቡ የማይለየው ወድዶ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ በጨዋታው ውስጥ «የእግረኛ መሣሪያ» በሚል አንድ ክምር ውስጥ ይገባል። ሰናድሩም ውጅግራውም በልጅጉም አንድ ቁጥር ይሆናሉ።

ማይጨው፣ 1928፦ ልዩነቱ ቦታ ቀየረ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የጣሊያን እግረኛ የያዘው ዋና ጠመንጃ ካርካኖ ነው፤ ያው በዓድዋ ጊዜ ተሠርቶ የነበረው ዓይነት። ከእኛ ወገን ክቡር ዘበኛ በውጭ አገር መኮንኖች የሠለጠነ፣ የቤልጅግ ሥሪት ጠመንጃና መትረየስ የታጠቀ ነበር። የክቡር ዘበኛውን ጠመንጃ ከካርካኖው ጋር ብታስተያዩት የኛው አያንስም። እንግዲህ በጨዋታው የደረጃ ሒሳብ ብንሄድ እዚህ ላይ መቀራረብ ነበረብን።

ያልተቀራረብነው ልዩነቱ ከጠመንጃው ወጥቶ ሌላ ቦታ ስለሄደ ነው። በመጀመሪያ ክቡር ዘበኛ ጥቂት ነበር፤ ሌላው ሠራዊት ያንኑ የተቀላቀለ መሣሪያ ነበር የያዘው። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ለሁለቱም መከልከል ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ ጠመንጃ የሚያመርት ፋብሪካ አልነበራትም። ሦስተኛ፣ ከላይ አውሮፕላን፣ ከኋላ መድፍ፣ በዚያ ላይ የተከለከለው የመርዝ ጋዝ መጣ። ደሴ ገና ኅዳር 26 ቀን 1928 በአውሮፕላን ተደብድባለች። በልጅግ የያዘው ወታደር ከካርካኖ ጋር ሳይሆን ከሰማይ ጋር ነበር የሚዋጋው። ከማይጨው በኋላ የጣሊያን ጦር ይህን የእኛን መስመር ይዞ ወረደና ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ።

ለፍትሐዊነት ሲባል የጨዋታውን መልካም ጎንም ልናገር። «ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» የመሣሪያ ምርኮን ያሳያል፤ የጠላት ጠመንጃ ወደ መጋዘንህ ይገባል። የመንገድን ችግር ያሳያል፤ ተራራ ላይ ያለ ጦር ስንቅ ካልደረሰው ይዳከማል። አውሮፕላንም አለ። ሠሪዎቹን ለምን ስምንት ዓይነት ጥይት አላስቆጠራችሁንም ብሎ መክሰስም አይገባም፤ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ማን ይጫወተዋል? ማቅለል የግድ ነው። ጥያቄው ምን ቀለለ ብቻ ሳይሆን፣ ያ በመቅለሉ ምን ተሳሳተ የሚለው ነው። የተሳሳተው ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ በጨዋታው የምትጀምረው ኋላ ቀር ጠመንጃ ይዛ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ መፍትሔው የተሻለ ጠመንጃ መሥራት ይመስለዋል። እውነቱ ግን የ1928ቱ ሠራዊት ይበልጥ ያጣው አንድ ዓይነት ጥይት፣ የሚያመርት ፋብሪካና ወደ ሰማይ የሚተኩስ መሣሪያ ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ስለ ጦርነታችን ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ። አንደኛው «አባቶቻችን በጦርና በጋሻ ብቻ አሸነፉ» ይላል። ሁለተኛው «መሣሪያ ስላልነበረን ተሸነፍን» ይላል። ሁለቱም ከሾተል እስከ ደረጃ ድረስ በጨዋታዎቹ ውስጥ አሉ። ሁለቱም ደግሞ በየበዓሉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይደገማሉ። ጨዋታ ሠሪው ቢያንስ ሰውን ለማጫወት ነው። እኛ ጋዜጠኞች ስንሆን ግን ምክንያታችን ምንድነው?

ነገሩ የታሪክ ብቻም አይደለም። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ያለፈች ከተማ ናት። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ልጅ ሁሉ ክላሽን ከመትረየስ፣ መትረየስን ከመድፍ በድምፅ ይለያል። መማር ፈልጎ አይደለም የተማረው። ያን ሰሞን የነበሩትን ዜናዎች ዛሬ ብታነቡ ግን «ከባድ መሣሪያ»፣ «ዘመናዊ መሣሪያ»፣ «የተለያዩ መሣሪያዎች» የሚሉ ቃላት ናቸው የሞሉት። ከባድ ማለት ምን ማለት ነው? ቤት የመታው ምን ነበር፣ ከየት አቅጣጫ፣ ከምን ያህል ርቀት? ይህ ካልተጻፈ ነገ ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም። «የእግረኛ መሣሪያ» ብሎ ሁሉን በአንድ ክምር ማስገባት በጨዋታ ውስጥ ማቅለል ነው፤ በዜና ውስጥ ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

እንግዲህ አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። በመርሳም፣ በወልዲያም፣ በሀብሩ ገጠርም የጠመንጃን ስም፣ የጥይትን ዋጋ፣ የማንን ጠመንጃ ማን እንደማረከው የሚያውቁ አዛውንቶች አሉ። የቃል ታሪክ የቤት ሥራ ሲሰጠን ስለ ዘመቻው ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ይዘው ነበር? ጥይቱስ ከየት ይመጣ ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ስምና ቀበሌ ለይተን እንመዝግብ፤ የትምህርት ክፍላችን ቤተ መጻሕፍትም አንድ መዝገብ ይክፈትለት። ምናልባት አንድ ቀን ከመካከላችን ጨዋታ የሚሠራ ይወጣ ይሆናል። ያኔ ውጅግራን ውጅግራ፣ ምንሽርን ምንሽር ብሎ የሚያስገባበት ሰነድ ከእኛ ዘንድ ያገኛል።